ርብና ጉማራ ሰኔ 30ን አያውቁም

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ምክር ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለርብና ለጉማራ ወንዞች ደለል ጠረጋ በየዓመቱ የሚያዝ መደበኛ በጀት እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

የክልሉ አዲስ በጀት ሥራ ላይ የሚውለው ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነው። እናንተ አዳራሽ ተቀምጣችሁ የበጀት ሰነዱን ገጽ በገጽ በምትገልጡበት ሰሞን፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ክትራቸውን መግፋት ጀምረዋል። ገንዘቡ ከቢሮ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ እስኪወርድ መስከረምና ጥቅምት ያልፋሉ። ከዚያ የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፤ ጨረታ ይወጣል፤ ቅሬታ ይቀርባል፤ ይሰረዛል፤ እንደገና ይወጣል። ውል ተፈርሞ ኤክስካቫተሩ በሎቤድ ተጭኖ የሜዳው ከተማ ወረታ ሲደርስ ግንቦት ነው። ጥቂት ቀን ቆፍሮ ዝናቡ ይገባል፣ ማሽኑም ከጭቃው ለመውጣት ይታገላል። ሰኔ 30 ሲደርስ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ጎርፉ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

አንድን ቢሮ ወይም አንድን ኃላፊ ለይቼ ልወቅስ አልተነሣሁም። ኃላፊ ቢቀየር፣ ቢሮ ቢታጠፍ፣ አዲስ ሰሌዳ ቢሰቀል ይኸው ዑደት ይደጋገማል፤ ምክንያቱም የገንዘቡ ዓመትና የወንዙ ዓመት አይገጥሙም። ወንዝ የሚቆፈረው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ነው። በዚያ ጊዜ ማሽኑ ወንዙ ዳር መቆም አለበት። እንዲቆም ደግሞ ውሉ ቀድሞ መፈረም አለበት። ውሉ ቀድሞ እንዲፈረም ገንዘቡ በሚቀጥለው ዓመትም እንደሚኖር መታወቅ አለበት። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የወንዝ ጠረጋ ከካፒታል ፕሮጀክትነት ወጥቶ እንደ ደመወዝና እንደ መድኃኒት ግዥ በየዓመቱ በመደበኛ በጀት ይያዝ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ ሜዳውን ያላየ ሰውም ያነበው ይሆናል፤ ለእሱ ስል ጥቂት ላብራራ። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። የፋርጣን፣ የእብናትንና የእስቴን ዳገት እያጠቡ ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ውኃ ሲዘገይ የተሸከመውን ያወርዳል፤ በመጀመሪያ አሸዋውን፣ ቀጥሎ ደቃቁን ደለል። ጣና ዳር ሲደርስ ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የወንዙ ሆድም ከዓመት ዓመት ይሞላል። ድሮ ይህ ደለል በሜዳው ሁሉ ይበተን ነበር። ጎርፉን ለመግታት በሁለቱም ዳር የአፈር ክትር ሲሠራ ግን ደለሉ በክትሮቹ መካከል ታስሮ ቀረ። ወለሉ ከፍ ሲል ክትሩን ከፍ እናደርጋለን፤ ክትሩ ከፍ ሲል ወለሉ ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ወንዝ ክትሩን ሰብሮ የወጣ ቀን ጉዳቱ ያለ ክትር ከሚሞላው ይብሳል። አንድ ቦታ ላይ በኃይል ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ክትሩ ራሱ መመለሻውን ስለሚዘጋበት ማሳ ላይ ተኝቶ ይከርማል።

የፎገራ ገበሬ ውኃ አይጠላም። ይህን ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባለሙያዎች ሁልጊዜ የሚረዱት አይመስለኝም፤ እነሱ ጎርፍ ሲሉ የሚታያቸው ጥፋት ብቻ ነው። ሜዳው በድሮው ዘመን በዋናነት የከብት ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟ የወጣው በዚያ ሣር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተሳተፉበት የሩዝ ሙከራ ሲጀመር፣ ውኃ ስለሚተኛበት ለጤፍ የማይመቸው ጥቁር አፈር ለሩዝ ተስማማ። ዛሬ ሜዳው በክረምት ሩዝ ነው። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በበጋ ደግሞ ወንዙ ዳር ሞተር ተተክሎ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። አንድ መሬት በዓመት ሁለቴ፣ አንዳንዱም ሦስቴ ይታረሳል። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚህ መቋቋሙም ካለ ነገር አይደለም። እንግዲህ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ሩዙን ያሳድገዋል። ወገብ የሚደርስ ውኃ ሳምንት ተኝቶበት ከዋለ ያሰጥመዋል። አሸዋ ተሸክሞ የገባ ውኃ ደግሞ የዘንድሮውን ሰብል ብቻ ወስዶ አይሄድም፤ ማሳውን ያለብሰዋል፣ ያንን አሸዋ በበሬ ገልብጦ አፈሩን እንደገና ለማውጣት ዓመታት ይፈጃል። ገበሬው ሜዳው ይድረቅ አይልም። ውኃው በልኩ ይምጣ፣ በጊዜው ይሂድ ነው የሚለው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ነሐሴ 1998ን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ያ ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው የገደለበት፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው የወሰደበት ክረምት ነበር። የሀገሩ ዓይን ወደዚያ ነበር፤ መሆኑም ተገቢ ነው። በዚያው ክረምት ግን በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በጎርፍ ተጎድቶ፣ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው በድንኳንና በትምህርት ቤት ተጠልለዋል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የከፋ ባይሆንም የናበጋ፣ የዋገጠራና የሺና ቀበሌዎች ሰው ነሐሴ በመጣ ቁጥር እህሉን ወደ ቆጥ ያወጣል፣ ከብቱን ወደ ዳገት ያሻግራል። ጎርፉ ሲጎድል ስንዴ፣ ዘይትና ብርድ ልብስ የጫነ መኪና ይደርሳል። እርዳታውን አልነቅፍም፤ የተራበ ሰው ይብላ። ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስንዴውን ለማጓጓዝ፣ ድንኳኑን ለመግዛት፣ ከጎርፉ በኋላ የሚከተለውን ወባ ለማከም፣ የተበላሸውን መንገድ ለመጠገን ገንዘብ አይጠፋም፤ አስቸኳይ ስለሆነ ጨረታም አይጠብቅም። ያ ወጪ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ ስለሚያልፍ አንድ ላይ ደምሮ የሚያየው የለም። ይህ ምክር ቤት ሌላ ምንም ባያደርግ እንኳ የክልሉን ፋይናንስ ቢሮ ያለፉትን አምስት ዓመታት የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደራ የጎርፍ ወጪ ደምሮ እንዲያቀርብ ቢያዝ፣ የቀረው ክርክር ግማሹ ያልቃል ብዬ አስባለሁ።

በጠረጋ ላይ የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ከሙያ ባልደረቦቼም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ብትቆፍረው ተመልሶ ይሞላል፤ መፍትሔው ጉና ላይ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ጉና ላይ እርከን መሠራት አለበት፤ በየዓመቱ በጥር የሚወጣው የተፈጥሮ ሀብት ዘመቻ፣ የገበሬው ነፃ ጉልበት፣ የተከለለው ተራራ ሁሉ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ጉና ከዛሬ ጀምሮ አንዲት እፍኝ አፈር ባይለቅ እንኳ ወንዙ ሆድ ውስጥ ያለው ደለል በራሱ ተነሥቶ አይሄድም። ዳገት እስኪያገግም አሥርና ሃያ ዓመት ይፈልጋል። ያን ያህል ጊዜ ሩዙ በምን ይቆይ?

ሌላው መልስ «የርብ ግድብ ተሠርቷል» የሚለው ነው። ግድቡ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ የክረምቱን ሙላት ለመስበርም ይጠቅማል። ነገር ግን የሚይዘው ከበላዩ ያለውን ብቻ ነው። ከግድቡ በታች የሚገቡት ገባሮች እንደ ድሮው አፈር ይዘው ይወርዳሉ። ጉማራ ደግሞ እንደ ርብ ያለ ግድብ የለውም።

«ተመልሶ ይሞላል» የሚለው ተቃውሞ የእኔን ጥያቄ የሚደግፍ እንጂ የሚያፈርስ አይመስለኝም። ተመልሶ የሚሞላ ነገር በየዓመቱ ነው የሚጠረገው። አስፋልትም ተመልሶ ይቦረቦራል፤ ስለዚህ መንገድ አንሥራ ያለ የለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ሀገሪቱ የተቀበለችው ይህንኑ ሐሳብ ነው፦ ጥገና ራሱን የቻለ፣ የማይቋረጥ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ ይደገፍ ተባለ። መንገዱ ያን ያህል ከታሰበለት፣ ከመንገዱ በታች የሚያልፈው ወንዝ ለምን ይረሳል? በዓለም ባንክ ገንዘብ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው የጣና በለስ የተቀናጀ የውኃ ሀብት ልማት ፕሮጀክት በእነዚሁ ተፋሰሶች ብዙ ሥራ ሠርቷል። ፕሮጀክት ግን ማብቂያ አለው። መኪናው ይመለሳል፣ ባለሙያው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ወንዙ ላይ ያለው ሥራ ግን በዚያው ዓመት አላለቀም።

ስለ ሥራው መጠን ጥቂት ልናገር፤ ቁጥር የሌለው ልመና እንዳይሆን። አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ሃያ ሜትር ስፋት ካለው ወንዝ አንድ ሜትር ደለል ይነሣ ብንል 20,000 ሜትር ኩብ ነው። አንድ መካከለኛ ኤክስካቫተር በሰዓት 80 ሜትር ኩብ ያወጣል፣ በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል ብለን ብናስብ አንድ ወር ይፈጅበታል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው ጊዜ ለአንድ ማሽን አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው፤ ብልሽቱን፣ የነዳጅ እጥረቱንና በዓሉን ስንቀንስ አራት። ሦስት ማሽን ቢመደብ በአንድ በጋ የሁለቱን ወንዞች የከፋ ክፍል መድረስ ይቻላል። ወጪው የሚከብደው ግን በመቆፈሩ ላይ አይደለም፣ በማጓጓዙ ላይ ነው። ያ 20,000 ሜትር ኩብ በ16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ይጫን ቢባል 1,250 ምልልስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስለዚህ ቀላሉ ነው፦ የወጣው ደለል እዚያው ዳር ላይ ይከመርና የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ይህን አይነቱን ጠረጋ እኔም እቃወማለሁ። ደለሉ ከወንዙ ዳር ፈቀቅ ብሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ሣር ተተክሎበት ክትር ይሁን፤ ደቃቁ አፈር በአሸዋ ለተጎዳው ማሳ ይሰጥ፤ አሸዋው ይሸጥ።

ስለ አሸዋው ስናነሣ፣ በርብ ላይ በማኅበር ተደራጅተው አሸዋ የሚያወጡ ወጣቶች አሉ። እነሱ ስላሉ ጠረጋ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ሰምቼ ገርሞኛል። አሸዋ ጫኙ መኪና የሚገባበትን ነው የሚመርጠው፤ ድልድይ አጠገብ፣ መንገድ ዳር። እዚያ ከልኩ በላይ ሲቆፈር የድልድዩ እግር ይጋለጣል። ወንዙ የታነቀበት ታችኛው ክፍል ደግሞ ረግረግ ነው፣ መኪና አይገባውም፣ ደለሉም ለግንባታ አይሆንም። ማኅበራቱ ይኑሩ፤ የሚቆፍሩበት ቦታና ጥልቀት ተለክቶ ይሰጣቸው፤ የሚከፍሉት የሮያሊቲ ገንዘብም ለዚሁ ወንዝ ጥገና ይዋል።

ጠረጋ የሚጀመረው ወንዙ ጣና ከሚገባበት ከአፉ ነው፤ ላይኛውን ቆፍሮ ታችኛውን መተው ውኃውን አፋጥኖ የታችኛው ቀበሌ ሰው ላይ መልቀቅ ነው። ጣና ዳር ያለው መሬት ግን የሚደርቀው መጨረሻ ላይ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ነው። ማሽኑን በግንቦት የሚያደርስ አሠራር እዚያ ቦታ መቼም አይደርስም። ስለዚህም ነው ተቋራጮች የጠረጉትን ስታዩ ለጉብኝት በሚመች፣ መኪና ቆሞ በሚታይ ቦታ የሚሆነው። ክፍያው በሜትር ኩብ ከሆነ ልኬቱ ከቁፋሮው በፊትና በኋላ ይወሰድ፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የድልድዮቹ ምሰሶ ላይ በቀለም የሜትር ምልክት ይደረግ። አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ ሰው እንኳ ወለሉ ዘንድሮ ከአምና ከፍ ማለቱን ዝቅ ማለቱን ይይ።

የማይቆፈር ቦታም አለ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙት ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው ጠጠር ባለበት ላይኛው ክፍል እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ያ ጠጠር አይነካ፤ ሥራውም ከሰኔ በፊት ይቁም። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ክትሩ የወንዙን ሙላት ስለከለከላቸውና ዙሪያቸው ስለታረሰ እንዴት እንደመነመኑ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው። ለረግረጎቹ ውኃ የሚገባበት በር በጠረጋው ንድፍ ውስጥ ቢታሰብ ሙላቱም ይተነፍሳል፣ ረግረጉም ያገግማል። የሚቃረን ነገር የለውም፤ ብቻ ወረቀት ላይ ቀድሞ መሳል አለበት።

ለወገኖቼ ለፎገራ ገበሬዎችም አንድ ቃል አለኝ፣ ምክር ቤቱ ይታገሠኝ። ክትሩን የሚቆርጠው ጎርፍ ብቻ አይደለም። በበጋ የሞተር ቱቦ ለማሳለፍ፣ በክረምት መጀመሪያ ለሩዙ ውኃ ለመልቀቅ ክትሩን እኛው እንሸነቁረዋለን፤ ነሐሴ ላይ ወንዙ የሚወጣው በዚያችው ቀዳዳ ነው። ጠርዙ ድረስም እናርሳለን። ጠረጋ ከተጀመረ ማሽን የሚሄድበት፣ ሣርና ዛፍ የሚያዝበት ጥቂት ሜትር ከሁለቱም ዳር መለቀቅ አለበት። መሬቱ ላነሰው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለምና ካሣው በበጀቱ ውስጥ ይታሰብ፤ «ሕዝቡ በፈቃዱ ለቀቀ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አይታለፍ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ክልሉ ብቻውን ይሸከመው አልልም። ርብና ጉማራ የሚነሡትም የሚያልቁትም በክልሉ ውስጥ ነው፤ የሚገቡበት ሐይቅ ግን ድንበር ተሻጋሪው የአባይ ውኃ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 51 ድንበር ተሻጋሪ ውኃን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ገበሬው ክልሉን ሲጠይቅ የፌዴራል ነው ይባላል፤ ፌዴራሉን ሲጠይቅ የክልሉ ወንዝ ነው ይባላል። የአባይ ተፋሰስ መሥሪያ ቤት ራሱ ከአንድ ባለሥልጣን ወደ ሌላ ባለሥልጣን፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴር ሥር ሲዘዋወር ቆይቷል። በሌላ በኩል የጣና ውኃ በጨረጨራ በር ተቆጥቦ፣ በዋሻ ተሻግሮ፣ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የጣና በለስን ተርባይን ያሽከረክራል። በለስ ውኃ ስለሚወስድ ሐይቁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ከፍ አያደርግም የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነትነት አለው። ሆኖም ሐይቁ በመስከረም ሞልቶ ሲቆም ወንዞቹ የሚወርዱበት ቁልቁለት ያንሳል፣ ደለሉም እዚያው አፉ ላይ ይቀመጣል። ከሐይቁ ከፍታ ብርሃን የሚሸጥ ሀገር ከሽያጩ ጥቂቱን ሐይቁን ለሚሞሉት ወንዞች ጥገና ቢመልስ ተገቢ ነው። ጥገና ባለቤት ሲኖረው ምን እንደሚመስል ወንጂ ምሳሌ ይሆናል። በ1946 ዓ.ም. ፋብሪካው ሥራ የጀመረለት የሸንኮራ እርሻ ከአዋሽ የተጠበቀው በክትር ነው፤ ያ እርሻ ባለቤት ነበረው፣ ባለቤቱም ጥገናውን እንደ ምርት ወጪ ቆጠረው። የፎገራ ሩዝ ባለቤቱ ሩብና ግማሽ ሄክታር ያለው ብዙ ሺህ ሰው ስለሆነ ብቻ ጥገናው ባለቤት ማጣት የለበትም። ሀገሪቱ ሩዝ በውጭ ምንዛሪ ታስገባለች፤ የሚሰጥመው ግን ሩዙን እዚሁ የሚያበቅለው ሜዳ ነው።

አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ከባድ ማሽን ወደ ገጠር ማንቀሳቀስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሹፌሩም ነፍስ አለው። ማሽን በማይደርስበት ዓመት ሥራው በአካባቢው ጉልበት፣ በአካፋና በጋሪ፣ ለቀን ሠራተኛ እየተከፈለ በጠባቡ ቦታ ላይ ይቀጥል። መደበኛ በጀት ከሆነ ይህን ማሸጋሸግ ይቻላል። የካፒታል ፕሮጀክት ከሆነ ግን ውሉ ኤክስካቫተር ስለሚል ኤክስካቫተር ካልመጣ ገንዘቡ ይመለሳል።

ስለዚህ በመጪው የሐምሌ ጉባኤ የሚከተለውን እንድትወስኑ እጠይቃለሁ። የርብና የጉማራ ወንዞች ጥገና በሚል በመደበኛ በጀት ውስጥ የራሱ መደብ ይከፈት። ግዥው ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ሆኖ ሰነዱ በክረምቱ ተዘጋጅቶ፣ ተቋራጩ ኅዳር ላይ ቦታው እንዲደርስ ይደረግ። የገንዘቡ መጠን የውኃ ባለሙያዎች ከጎርፉ ማግሥት፣ በጥቅምት በሚወስዱት የወንዝ ልኬት ይወሰን። የፌዴራል መንግሥት ድርሻ ስንት እንደሆነ በደብዳቤ ተጠይቆ መልሱ ለሕዝብ ይነገር። ይህ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ የሚቀጥለውን ሩዝ ከመዝራታችን በፊት፣ ከጉባኤው በኋላ ከሚመጣው ግንቦት ቀደም ብሎ። የትኛውን ማሳ መዝራት፣ የትኛውን መተው እንዳለብን እንድናውቅ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የፎገራ ሜዳ ተወላጅ፣ የአፈርና ውኃ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር፣ አዲስ አበባ
ለፎገራ፣ ለሊቦ ከምከምና ለደራ ወረዳ ምክር ቤቶች